ራፍቱ አልታዘዝ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ትልልቅ ራፍቶች፣ ማለትም በአየር ተነፍተው ወንዝ ስለሚወርዱ ጀልባዎች፣ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልን ብለን ነበር፤ ከጠበቅነው በላይ መጣ። አብዛኛው በአንድም በሌላም መንገድ «አልታዘዝ አለኝ» የሚል ነው። ትልቅ ስንል ከ4 ሜትር ተኩል የሚረዝመውን፣ መሃሉ ላይ የብረት ፍሬም ታስሮበት አንድ ሰው ብቻውን በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያዎች የሚነዳውን ማለታችን ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በየእጁ ትንሽ መቅዘፊያ ይዞ የሚሄድበት ሌላ ጨዋታ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ድንጋዩን እያየሁት ሄጄ እለጠፍበታለሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለረጅም ጊዜ በ4 ሜትር ራፍት ስቀዝፍ ቆይቼ በቅርቡ ወደ 5 ሜትር ተኩል ተሸጋገርኩ። ትንሿ እንዳልኳት ነበር የምትሆነው። ይሄኛው ግን ድንጋዩን ከሩቅ አይቼው፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ቀዝፌ፣ መጨረሻ ላይ ያው ሄጄ እለጠፍበታለሁ። ጉልበት አንሶኝ ነው?

መልስ፦ ያነሰህ ጉልበት አይደለም፣ ጊዜ ነው።

ሰውና ዕቃ የጫነ 5 ሜትር ተኩል ራፍት አንድ ቶን ገደማ ሊመዝን ይችላል። የተጫነ ከባድ መኪና ባዶው እንደሚታጠፈው አይታጠፍም፤ ይሄም እንደዚያ ነው፣ ያውም ፍሬን የሌለው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀዘፋዎች ስትስብ ምንም አይታይህም፤ ክብደቱን ከተኛበት ለመቀስቀስ ብቻ ነው የሚያልቁት። ራፍቱ ወደ ጎን መሄድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በትንሿ «አሁን ልጀምር» ትልበት የነበረው ቦታ ላይ ስትደርስ በትልቁ ሥራው ማለቅ ነበረበት። ስለዚህ ከሩቅ ጀምር። ቀስ ብለህ፣ ግን ሳታቋርጥ። ድንጋዩ ሥር ደርሶ ከመፈራገጥ ከ30 ሜትር ርቀት ላይ አራት አምስቴ በደንብ መሳብ ይሻላል።

ማቆሙም ያው ነው። አንዴ ወደ ጎን መንሸራተት ከጀመረ አንተ ብታቆምም እሱ አያቆምም። የፈለግከው መስመር ላይ ከመድረስህ ቀደም ብለህ ተወው፤ አለበለዚያ ከቀኙ ድንጋይ አምልጠህ የግራው ላይ ትሰቀላለህ።

ቀጥሎ ማዕዘን። ስትገፋ ይሁን ስትስብ አልጻፍክልንም፣ ግን ሰው ሲደነግጥ የራፍቱን አፍንጫ፣ ማለትም የፊተኛውን ጫፍ፣ መሄድ ወደሚፈልግበት አዙሮ ወደፊት መግፋት ይቀናዋል። በዚህ ወደ ድንጋዩ የምትሄድበትን ፍጥነት ጨመርክ እንጂ አላመለጥክም። ሲገፉ የሚሠራው ክንድና ደረት ነው፤ ሲስቡ ግን እግርና ጀርባም ይገባበታል፣ ኃይሉ በጣም ይለያያል። እና ተቃራኒውን አድርግ። አፍንጫውን ወደሚያስፈራህ ነገር አዙርና ከእሱ እየሸሸህ ወደ ኋላ ሳብ። ድንጋዩ ፊት ለፊትህ ሆኖ በግራው በኩል ማለፍ ከፈለግክ አፍንጫው ወደ ቀኝ፣ የኋላው ጫፍ ወደ ግራ፣ ከውሃው አወራረድ ጋር 45 ዲግሪ ገደማ። አሁን እያንዳንዱ ቀዘፋ ሁለት ነገር ይሠራልሃል፤ ወደ ግራ ይወስድሃል፣ ከውሃውም ቀስ ብለህ እንድትወርድ ያደርግሃል፣ ማለትም የማሰቢያ ጊዜ ይሰጥሃል። ማዕዘኑን በጣም ከፍተህ ራፍቱ ጎኑን ሙሉ ለሙሉ ለውሃው ከሰጠ ግን ማዝገሙ ይቀራል፣ ከተጋጨህም በጎንህ ነው የምትጋጨው። የጎን ግጭት ምን እንደሚያመጣ ዝቅ ብለህ የጓደኛሞቹን ደብዳቤ አንብብ።

ይሄ አነዳድ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 የአሜሪካዊው አሳሽ የጆን ዌስሊ ፓውል ቡድን በኮሎራዶ ወንዝ ሲወርድ ቀዛፊዎቹ እንደ ሐይቅ ጀልባ ጀርባቸውን ለሚሄዱበት ሰጥተው ነበር የሚቀዝፉት፤ የሚመጣባቸውን ለማየት አንገት ማዞር ነበረባቸው። ከዚያ በ1890ዎቹ ናትናኤል ጋሎዌይ የሚባል ወጥመድ አጥማጅ ፊቱን ወደ አደጋው አዙሮ፣ ወደ ኋላ እየሳበ፣ ከውሃው እያዘገመ መውረድን አስለመደ። ዛሬም የምንሠራው እሱኑ ነው።

አንድ ዘዴ ልጨምርልህ። ማምለጥ አለማምለጥህን ድንጋዩን ብቻ በማየት አታውቅም። ከጀርባው ያለውን ዳርቻ አብረህ እይ፤ አንድ ዛፍ ምረጥ። በግራ እያመለጥክ ከሆነ በድንጋዩ ግራ ጠርዝ በኩል ተሸፍኖ የነበረ ነገር እየወጣ ይታይሃል። ያው ዛፍ በያው ጠርዝ ላይ ፍንክች ሳይል ድንጋዩ ብቻ እየተለቀ ከመጣ በቀጥታ ወደ እሱ እየሄድክ ነው፣ ሳብ።

«ተይው፣ የጉልበት ሥራ ነው» ይሉኛል

ጥያቄ፦ ቁመቴ አጭር ነው፣ ክብደቴም እንደዚያው። ትልቁን ራፍት መንዳት እወዳለሁ፤ ግን ግማሽ ቀን ሳይሞላ ትከሻዬና የእጄ አንጓ ይቃጠላል። አብረውኝ ያሉት ወንዶች ለእኛ ተይልን ይላሉ። እውነት አይሆንልኝም ማለት ነው?

መልስ፦ ተይው የሚሉሽን ተያቸው። ጉልበት ይረዳል፣ አይካድም። ያንቺ ዓይነት ሕመም ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፍሬሙ ለረጅም ሰው ተስተካክሎ አጭር ሰው ሲቀመጥበት ነው። ሰውየው ሲወርድ ማንም ቁልፍ አውጥቶ አያስተካክልም፣ እንዳለ ነው የምትረከቢው።

ረጋ ያለ ውሃ ላይ ተቀመጪና ሁለቱንም መቅዘፊያዎች ውሃ ውስጥ አስገቢ። እጀታዎቹ የት ደረሱ? ከእምብርት ከፍ፣ ከጡት ዝቅ ብለው ከሆነ ጥሩ ነው። ወደ ትከሻሽ ከተጠጉ በእያንዳንዱ ቀዘፋ ክንድሽን አንጠልጥለሽ ነው የምትሠሪው። ወይ መቀመጫው ከፍ ይበል ወይ መቅዘፊያው የሚያርፍበት ብረት ዝቅ ይበል። ቀጥሎ እግርሽን እይ። የሚረግጠው ነገር አለው? ስትጀምሪ ጉልበትሽ ታጥፎ፣ ስትጨርሺ ሊዘረጋ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው? ካልሆነ መሳብ የምትችዪው በክንድ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለማንም አያዋጣም፣ ለግዙፉም ሰውዬ። መርገጫው የማይንቀሳቀስ ዓይነት ከሆነ ጠንካራ ሳጥን ከፊቱ አጥብቀሽ እሰሪበት።

የመቅዘፊያውም ርዝመት አለ። 5 ሜትር ለሚጠጋ ራፍት 3 ሜትር ገደማ፣ ለ5 ሜትር ተኩል ደግሞ ከ3.2 እስከ 3.4 ሜትር የተለመደ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ሦስተኛው ወደ ውስጥ፣ ወደ አንቺ በኩል መቅረት አለበት፤ ሁለት ሦስተኛው ወደ ውጪ። ወደ ውጪ የወጣው በበዛ ቁጥር እጅሽ ላይ ይከብዳል። ሁለቱ እጀታዎች ሲገናኙ በመካከላቸው የአንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ይኑር፤ ከተደራረቡ አውራ ጣትሽን ታገኚዋለሽ፣ በጣም ከተራራቁ ደግሞ መቅዘፊያው ከሚገባው በላይ ወደ ውጪ ወጥቷል ማለት ነው፣ መቆሚያውን ጎማ አንሸራትተሽ መቅዘፊያውን ወደ ውስጥ አምጪው።

አቀዛዘፉ ላይ አንድ ነገር ብቻ። የመቅዘፊያውን ጠፍጣፋ ጫፍ ውሃው እስኪሸፍነው ድረስ አስገቢ፣ ከዚያ በላይ አትስመጪው። በጥልቀት መቆፈር ኃይለኛ ይመስላል እንጂ ክንድ መስበር ነው። ጀርባሽ ቀጥ ይበል፣ ክንድሽ ተዘርግቶ ይጀምር፣ እግርሽ ይግፋ፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ይምጣ። የእጅ አንጓው ደግሞ እጀታውን አንቆ ከመያዝ ነው፤ መቅዘፊያው በእጅሽ ውስጥ እየዞረ ካስቸገረሽ ጠፍጣፋውን ሁልጊዜ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ትንሽ የፕላስቲክ ማስተካከያ አለ፣ እሱን አስገጥሚ። አንዳንድ ነባር ቀዛፊዎች ይንቁታል። ይናቁት፣ ሕመሙ ያንቺ ነው። ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ ትከሻሽ በማግስቱም ካልተወሽ ግን ሐኪም ይየው።

ጠዋት ድንጋይ፣ ረፋዱ ላይ ልፍስፍስ

ጥያቄ፦ በጡረታዬ ነው ወደዚህ ነገር የገባሁት፤ ልጆቼ ናቸው የጎተቱኝ። ዳርቻው ላይ ድንጋይ እስኪሆን የነፋሁት ራፍት ወንዝ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይለሰልሳል፣ ሞገድ ላይ መሃሉ ይታጠፋል፣ ለመዞርም ይለግማል። ሳሙና ቀብቼ ቀዳዳ ፈለግኩ፣ የለም።

መልስ፦ ጋሼ፣ ቀዳዳው እውነትም ላይኖር ይችላል። ፀሐይ ላይ ነፍተው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያሳርፉት በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሒሳቡን ይዩት። የራፍት ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚነፋው ከ2 እስከ 2.5 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ድረስ ነው። ይሄ ቁጥር ከውጪው አየር በላይ ያለው ትርፍ ብቻ ነው፤ የውጪው አየር ራሱ በባሕር ጠለል ላይ 14.7 ገደማ ነው። 40 ዲግሪ በሞቀ ቱቦ ውስጥ 2.5 ካስገቡ ጠቅላላው 17.2 ሆነ። አየሩ ወደ 12 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ጠቅላላው ከመቶ 9 ያህል ይቀንሳል፣ 15.7 ገደማ ይሆናል። ትርፉ ታዲያ ስንት ቀረ? 1 ፒኤስአይ። ከግማሽ በላዩ ጠፋ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይኖር። የቱቦው የላይኛው ገጽ ፀሐይ ስለሚመታው በተግባር ይሄን ያህል ላይወርድ ይችላል፣ ግን ነገሩ ይሄው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ነፍተው ውሃ ላይ ያሳርፉት፣ ጭነቱን እስኪያስሩ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ፓምፑን አምጥተው ይሙሉት። ተቃራኒውን ግን እንዳይረሱ፦ ውሃ ላይ በ2.5 የሞሉትን ራፍት ለምሳ ዳርቻ ላይ አውጥተው ፀሐይ ላይ ቢተዉት በዚያው ሒሳብ ከ4 ፒኤስአይ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚፈነዳው እንዲህ ሲሆን ነው። ከውሃ ሲወጣ ትንሽ አየር ያስተንፍሱት፣ ወይም ግማሹ ውሃ ውስጥ ይቅር።

ሲነፉም አንዱን ክፍል ጥግ ድረስ ሞልተው ወደ ሌላው አይሂዱ። ክፍሎቹን የሚለያየው ጨርቅ ያንን ሁሉ ግፊት ብቻውን ይሸከማል። ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያሉ ያዙሩት። የግፊት መለኪያ ይግዙ ደግሞ፤ በመዳፍ መትቶ ድምፁን መስማት የለመደ ሰው ዘንድ ይሠራል፣ ለጀማሪ ግን ያሳስታል።

ሁላችንም ከድንጋዩ ሸሸን፣ ከዚያ ራፍቱ ተጣጠፈ

ጥያቄ፦ ጓደኛሞች ነን። ራፍታችን በጎኑ ዓለት ላይ ተለጠፈ። ሁላችንም ከድንጋዩ ሸሽተን ወደ ውሃው በኩል ዘለልን፤ በዚያው ቅጽበት ውሃው ከላይ ገብቶ ራፍቱን ዓለቱ ላይ አጣጠፈው። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን ምን ማድረግ ነበረብን? እንዴትስ ይላቀቃል?

መልስ፦ እንኳን ተረፋችሁ። መዝለል የነበረባችሁ ወደ ድንጋዩ ነው።

ሰው ከሚያስፈራው ነገር መሸሹ ተፈጥሮ ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ ግን ተፈጥሮ ይሳሳታል። ውሃው የሚመጣው ከላይኛው በኩል ነው። ያኛው ቱቦ ዝቅ ካለ ውሃው ይወጣበታል፣ ይጫነዋል፣ ራፍቱን ዓለቱ ላይ ይለጥፈዋል። ክብደታችሁን ወደ ዓለቱ ስታመጡ ግን የላይኛው ቱቦ ይነሳል፣ ውሃው በሥሩ ያልፋል፣ ራፍቱም ብዙ ጊዜ በራሱ ተንሸራቶ ይላቀቃል። ይሄን ለማድረግ ያላችሁ ጊዜ በጣም አጭር ነው፣ ስለዚህ ትእዛዙ አንድ ቃል ይሁን፣ ሁሉም ሰው ዳርቻ ላይ ሳለ ይለማመደው። አስጎብኚዎች «ሃይ ሳይድ!» ብለው ይጮኻሉ፤ እናንተ «ወደ ዓለቱ!» ብትሉም ያው ነው፣ ዋናው ሁሉም እኩል መዝለሉ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ቀዛፊው ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። የሚጋጨው የፊተኛው ወይም የኋላው ጫፍ ከሆነ አትታገሉት፣ አንዱን መቅዘፊያ እየሳባችሁ ሌላውን እየገፋችሁ ራፍቱን አሽከርክሩት፣ ድንጋዩን ዞሮ ይወርዳል። አደገኛው መሃል ለመሃል ነው።

ተለጥፎ ከቀረስ? መጀመሪያ ሰው ቁጠሩ። ዕቃው ይጠብቃል። ሁሉም ዓለቱ ላይ ወይም ዳርቻ ላይ መሆኑን ሳታረጋግጡ ገመድ አትንኩ። ቀጥሎ በጣም ቀላሉን ሞክሩ፦ ራፍቱ ላይ ያለው ሰውም ክብደትም ሁሉ ወደ አንዱ ጫፍ ይሂድ። ቀለል ያለውን ጫፍ ውሃው ይዞት ሊያዞረው ይችላል። ይሄ ካልሠራ ከአንዱ ቱቦ አየር ማስተንፈስ ውሃው የሚገፋውን ገጽ ያሳንሳል። ታችኛው ወለል በገመድ የተሰፋ ዓይነት ከሆነ መፍታቱም ይረዳል፣ ውሃው ማለፊያ ያገኛል።

ገመድ የመጨረሻው ነው። በሁለት የሚሽከረከር መዘውርና በቋጠሮ የሚሠራው፣ ዜድ የሚመስለው አጎታተት የምትስቡትን ኃይል በስሌት 3 እጥፍ ያደርገዋል፤ በሰበቃ ምክንያት የሚደርሳችሁ ከዚያ ያነሰ ነው። የማይለጠጥ ገመድ ተጠቀሙ። ከሁሉም በላይ የት እንደምታስሩት አስቡ፤ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል አይገፋም፣ ውሃው አነስ ያለበትን ጫፍ ከላይ በኩል እንድትስቡት ያስፈልጋል፣ ከውሃው ጋር ቀጥታ ተጋፍቶ ያሸነፈ የለም። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል 4 እጥፍ ነውና። የተወጠረ ገመድ ቢበጠስ በራሱ መስመር ነው የሚመለሰው፤ ማንም ሰው በዚያ መስመር ላይ አይቁም፣ ገመዱ መሃል ላይ የረጠበ ጃኬት ጣሉበት። ገመድ በሰው ወገብ ላይ አይታሰርም፣ በእጅም አይጠመጠምም። ከጉልበት በላይ በሆነ ፈጣን ውሃ ውስጥም አትቁሙ። እግር በድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ሰውዬውን ደፍቶ ይይዘዋል፤ ከራፍቱ ይልቅ ሰው የሚገድለው ይሄ ነው።

ነፋስ ወደ ላይ ይመልሰኛል

ጥያቄ፦ ወንዙ የሚረጋበት ረጅም ቦታ ላይ ከፊት ነፋስ ሲመጣ ወደፊት መሄዱ ቀርቶ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

መልስ፦ ዞረህ ሳብ። ጀርባህን ለምትሄድበት ስጥ። ውሃው የረጋ ስለሆነ በየጊዜው ዞር ብለህ ብታይ በቂ ነው። ከፍ ብሎ የተቆለለ ዕቃ ካለ አውርደው፣ የተዘረጋ ጥላ እጠፍ። ውሃው ይበልጥ የሚሄድበትን መስመር ፈልግ፤ ብዙ ጊዜ በመታጠፊያው ውጪ በኩል ነው። ሌላ ሰው ካለ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ አንተ ስትስብ እሱ እጀታዎቹን ይግፋ። አትቁም ደግሞ፤ የተጫነ ራፍት አንዴ ከቆመ እንደገና ለማስነሳት የምታወጣው ጉልበት ነው የሚጨርስህ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ የሚበረታበት ወንዝ ከሆነ ደግሞ በጠዋት ተነስ፣ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

እጀታው ደረቴን መታኝ

ጥያቄ፦ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ መቅዘፊያው ድንጋይ ነክቶ እጀታው ደረቴን መትቶ ጣለኝ። በሌላ ቀን ደግሞ መቅዘፊያው ከነመያዣው ተነቅሎ ሄደ። መያዣው ልል ነው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ መያዣውን እይ፣ ግን የመታህ እሱ አይደለም። ራፍቱ ወደ ጎን እየሄደ ሳለ በሚሄድበት በኩል ያለው መቅዘፊያ መሬት ከነካ ጫፉ ይተከላል፣ ራፍቱ ግን አይቆምም፣ እንዳለ ይሄድበታል። አንድ ቶን የሚጠጋው ክብደት ሁሉ በእጀታው በኩል ወደ አንተ ይመጣል። ወይ እጀታው ይመታሃል፣ ወይ መያዣው ይነቀላል፣ ወይ መቅዘፊያው ይሰበራል። ጥልቀት በሌለበት ያንን መቅዘፊያ ከውሃ አንሳው፣ በሌላኛው ብቻ ሥራ። የግድ ካስፈለገህ ለስለስ አድርገህ ላዩን ብቻ ንካው። እጀታውንም በደረትህ ልክ ፊት ለፊት አታቁመው፤ ተተክሎ ከመጣ ልቀቀው፣ አትታገለው። እጁን አላላቅቅም ያለ ሰው ነው ትከሻውን የሚጎዳው።

ጠባብ ቦታ ስታልፍ እጀታዎቹን ወደፊት ግፋና ጫፎቹ ወደ ኋላ ቱቦውን ተጠግተው ይሂዱ። ወደ ኋላ ያዘመመ መቅዘፊያ ድንጋይ ቢነካ ይታጠፍልሃል። ወደፊት ያዘመመው ግን ይሰነቀራል።

መጠባበቂያው መቅዘፊያ በአንድ እጅ፣ ተቀምጠህ ሳለህ፣ በጥቂት ሰከንድ የሚፈታ ሆኖ ከጎንህ ይታሰር። ከጭነቱ ሥር በአራት ቀበቶ አስረው የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ለፎቶ ከሆነ እሺ። ሁለት መያዝ የሚቻል ከሆነ ሁለት ያዝ፣ በተለይ ረጅም ጉዞ ላይ። መቅዘፊያውን በአጭር ገመድ ከፍሬሙ ጋር ማሰር አለ፣ ይጠቅማል፣ ግን ገመዱ እጅ ወይም እግር የሚገባበት ያህል እንዳይረዝም።

«ትልቅ ራፍት አይገለበጥም» ይባላል

ጥያቄ፦ ትልልቅ ሞገድ ያለበትን ውሃ ልሞክር ነው። ራፍቴ ከባድ ስለሆነ አይገለበጥም ይሉኛል፣ ልመናቸው?

መልስ፦ አትመኛቸው። ከትንሹ ይልቅ ይከብዳል መገልበጡ፣ እውነት ነው፤ ከተገለበጠ ግን መመለሱም እንደዚያው ይከብዳል፣ አንዳንዴ ዳርቻ ካልደረሰ አይሆንም።

ሞገድን በአፍንጫሽ ተቀበይ። ከጎን የሚመጣም ከሆነ አፍንጫውን ወደ እሱ አዙሪለት፣ ካለፈ በኋላ ወደ መስመርሽ ተመለሺ። ውሃው ከዓለት ላይ ወርዶ ወደ ኋላ የሚገለበጥበት፣ ሆል የሚባለው ቦታ ሲመጣ መጀመሪያ መሸሽ ነው። መሸሽ ካልተቻለ በቀጥታ፣ በፍጥነት ግቢበት። እስካሁን ስለ ማዝገም ስናወራ ነበር፤ እዚህ ግን ማዝገም ያስይዝሻል። የመጨረሻዎቹን ቀዘፋዎች ግፊ፣ ፊት ያሉት ሰዎች ወደ ፊተኛው ቱቦ ይደፉ፣ መቅዘፊያዎችሽ ደግሞ ስትገቢ ውሃ ውስጥ ይሁኑ፤ ከአረፋው ሥር ያለው ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ጫፎቹን ይዞ ያወጣሻል። በድንጋጤ መቅዘፊያ ማንሳት የተለመደ ነው፣ ያኔ ነው ራፍቱ አረፋው ላይ ቆሞ የሚቀረው።

ጭነቱን ተመልከቺ። ከባዱ ነገር መሃልና ታች ይሁን፣ ከመሃል ትንሽ ወደፊት ቢያደላ ይሻላል። ኋላው ከከበደ አፍንጫው ሞገድ ላይ ሽቅብ ይነሳና ወደ ኋላ ይገለበጣል። እና ወለሉ ውሃውን በራሱ የሚያፈስ ዓይነት ካልሆነ ከእያንዳንዱ ትልቅ ሞገድ በኋላ ባልዲ አንሱ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ነው፤ በጥሩ ሁኔታ የጫንሽው ራፍት በአንድ ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ሊከብድ ይችላል፣ ቀጥሎ ያለው ድንጋይ ደግሞ አይጠብቅሽም።

መውረጃው ቦታ ያልፈኛል

ጥያቄ፦ ከዓለት ጀርባ ያለው፣ ኤዲ የሚባለው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ልገባ ስል ራፍቱ በድንበሩ ላይ ይሽከረከርና ወደ ታች ይሄድብኛል። ማረፊያዬ ሁሌም 50 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው።

መልስ፦ በዚያ ድንበር ላይ ሁለት ውሃ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል፤ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ። ግማሽህ እዚህ ግማሽህ እዚያ ሆነህ ከቆየህ ሁለቱም ይሳተፉና ያሽከረክሩሃል። ስለዚህ ድንበሩን በፍጥነት ቁረጠው፣ በተቻለ መጠን ከላይ፣ ዓለቱን ተጠግተህ፤ እዚያ መስመሩ ቀጭን ነው፣ ዝቅ ባልክ ቁጥር ይሰፋል። የኋላውን ጫፍ ወደ ኤዲው አዙረህ ሳብ፣ ጀርባህ ገብቶ በውስጠኛው በኩል ያለው መቅዘፊያህ የሚመለሰውን ውሃ እስኪይዝ ድረስ አታቁም። ያንን ውሃ አንዴ ከያዘ ራሱ ይጎትትሃል። ትልቁ ስህተት «ገባሁ» ብሎ ማረፍ ነው፣ ግማሹ ራፍት ገና ውጪ ሳለ።

ኤዲው ከራፍትህ ብዙም የማይበልጥ ከሆነ ተወው። ለአንተ አልተሠራም። በመታጠፊያው ውስጠኛ በኩል ውሃው የሚያዘግምበትን ዳርቻ ፈልግና ከሩቅ ጀምረህ ወደዚያ ተሻገር። ገመድ ይዞ የሚወርደው ሰው ደግሞ ራፍቱ ዳርቻ ከመንካቱ በፊት አይዝለል። ሲወርድ ገመዱን እጁ ላይ አይጠምጥም፤ ዛፍ ወይም ድንጋይ ላይ አንዴ አዙሮ በሰበቃው እያለዘበ ያቁመው። እሱ ብቻውን ተደግፎ ከያዘው ገመዱንም እሱንም ውሃው ይወስዳቸዋል፤ አንተም ያኔ 50 ሜትር ዝቅ ብለህ ራፍቱን ሳይሆን ሰውዬውን ነው የምትፈልገው።